ቁልፉ ቤት ውስጥ ቀረ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የሆነው በ2001 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። መብራት በፈረቃ የሆነበትን ያንን ሰሞን ታስታውሱታላችሁ፤ አንድ ቀን እኛ ሰፈር፣ አንድ ቀን ማዶ ሰፈር የሚያድርበትን። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ የወር መዋጮውን የሚመዘግቡት ጀርባው በጨርቅ በተለበጠ ትልቅ መዝገብ ላይ ነበር። ሥራውን ስረከባቸው መዝገቡን ቤቴ ወስጄ፣ ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ፣ የ164 አባወራ ስምና ክፍያ በፓወር ግዕዝ እየለቀምኩ ኤክሴል ላይ አሰፈርኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ግን ለቀቅኩት። መዝገቡ በዚያው የት እንደገባ ዛሬም አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ሁሉ ሒሳብ ያለው እኔ ቤት፣ አንዲት ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም። ይሄን ያዙልኝ።

ኮምፒውተሩ ፔንትየም ፎር ነው፤ 40 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ 128 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ። መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ነበር። በኋላ ግን ዝርዝሩን ከፍቼ፣ ወጥቼ አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ ገና እየከፈተ አገኘው ጀመር። ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ያለማቋረጥ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንኳኳል። ያ መንኳኳት ሜሞሪው አልበቃው ብሎ የሥራውን ግማሽ ዲስኩ ላይ እያራገፈ መሆኑን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ አንድ ሜሞሪ ገዝቼ በዚያው ባለቀ ነበር። እኔ ግን ኮምፒውተር ማለት ፕሮሰሰር ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ፕሮሰሰሩ ጭንቅላቱ ነው፣ ጭንቅላቱ አርጅቷል፣ ጭንቅላቱ ይቀየር። አለቀ።

አንድ ቅዳሜ ያጠራቀምኳትን ይዤ ወጣሁና ኮር ቱ ዱዎ የሚባለውን ገዛሁ። ሻጩ «ማዘርቦርድህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ኢንቴል» አልኩት፤ እሱም ኢንቴል ነው ብሎ ሸጠልኝ። ቤቴ ገብቼ በካቻቪቴ ሽፋኑን ፈታሁ፤ ማራገቢያውን አነሣሁ፤ የደረቀውን ነጭ ቅባት በጥጥ ጠረግኩና የድሮውን ፕሮሰሰር አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። ሆዱ ሥር እንደ ብሩሽ ጸጉር የቆሙ 478 ቀጫጭን እግሮች አሉት። አዲሱን ገለበጥኩት። እግር የለውም። ልሙጥ ሆዱ ላይ 775 የወርቅ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል፤ ሌላ ምንም። ተሰብሮ ነው የሸጡልኝ ብዬ ከነማሸጊያው ይዤ በታክሲ ተመለስኩ። ሻጩ ልጅ እንኳ አልሳቀብኝም። «ጋሼ፣ የአዲሶቹ እግር ማዘርቦርዱ ሶኬት ውስጥ ነው ያለው» አለኝ።

ስለዚህ ማዘርቦርድም ገዛሁ። አዲሱ ማዘርቦርድ የድሮውን ሜሞሪ አይቀበልም፤ ሜሞሪም ገዛሁ። አንድ ጥርስ ልነቀል ሄጄ መንጋጋዬን ቀይሬ እንደመመለስ ሆነ። ገንዘቡ ስላልሞላልኝም የድሮውን ማዘርቦርድ ከነፕሮሰሰሩና ከነሜሞሪው ይያዙልኝ ብዬ ከቤት አምጥቼ ሰጠኋቸውና ከሒሳቡ ቀነሱልኝ። ደረሰኜን ኪሴ ከትቼ ስወጣ በጣም የተጠቀምኩ መስሎኝ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፌ ገጣጠምኩት። አዲሱ ማዘርቦርድ ላይ ሳታ ለሚባለው ለአዲሱ የሃርድ ዲስክ ዓይነት የሚሆኑ ትናንሽ ሶኬቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የእኔ ዲስክ የሚፈልገው ባለ 40 ፒኑ ረጅም ሶኬት ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሌሎቹ ተነጥሎ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ጥቁር ቺፕ አጠገብ ተቀምጧል። ብቻውን መሆኑን አይቻለሁ። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ቀይ መስመሩን ወደ አንድ ቁጥር ፒን አድርጌ ኬብሉን ሰካሁና የመብራት ፈረቃችን እስኪደርስ ጠበቅኩ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ቁልፉን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ላይ የሃርድ ዲስኬ ስም ከነ40 ጊጋባይቱ ተጻፈ። የዊንዶውስ አርማ መጣ። ከሥሩ ያቺ ሰማያዊ መስመር መሮጥ ጀመረች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስት ሊሆን ሲል ስክሪኑ ሙሉ ሰማያዊ ሆኖ እንደ መብረቅ ብልጭ አለና ጠፋ፤ ኮምፒውተሩም ራሱ እንደገና ተነሣ። አርማ፣ መስመር፣ ብልጭታ፣ ከዚያ እንደገና። ብልጭታው ውስጥ ጽሑፍ አለ፤ ግን ዓይን አይይዘውም። ብዕርና ወረቀት ይዤ ተደገፍኩና በእያንዳንዱ ብልጭታ አንድ አንድ ምልክት እየለቀምኩ ጻፍኩ። ዜሮ ኤክስ ብሎ፣ ስድስት ዜሮ ደርድሮ፣ መጨረሻው ላይ 7ቢ። ይህችን ለመልቀም ከአሥር ጊዜ በላይ አስነሥቼዋለሁ። ዊንዶውስ የተነሣበትን ዲስክ ማግኘት ሲያቅተው የሚጮኸው ጩኸት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ግራ ያጋባኝ አርማው ነው። ዲስኩ ካልተነበበ አርማው ከየት መጣ? አርማው ያለው ዲስኩ ላይ አይደለም እንዴ? ስለዚህ ዲስኩ ይነበባል፣ ችግሩ ሌላ ነው ብዬ ደመደምኩ። በዚያች ድምዳሜ ሦስት ቀን ሙሉ የማይረባ ነገር ስሠራ ከረምኩ። የዲስኩን ጃምፐር ከማስተር ወደ ስሌቭ፣ ከስሌቭ ወደ ማስተር አመላለስኩ። ኬብሉን ባለ 80 ሽቦውን ገዝቼ ቀየርኩ፤ ፒኑ ያው 40 ነው፣ ሽቦው ብቻ ነው የሚበዛው። ሜሞሪውን አውጥቼ በአልኮል ጠረግኩ። ፕሮሰሰሩን እንኳ ሁለት ጊዜ አነሣሁት።

ልብ በሉ፣ እኔ ይህን ትምህርት ከዓመታት በፊት ተምሬዋለሁ። በ1989 ዓ.ም. ገደማ መሥሪያ ቤታችን ለነበረው ባለ 486 ኮምፒውተር የ1 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ተገዛለት። ስንከፍተው 504 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚለው። ግማሹን ሰረቁን ተባለ፤ ንብረት ክፍል ደብዳቤ ጻፈ። የመጣው ባለሙያ ሰሌዳ ላይ ጽፎ አስረዳን። ባዮስ የሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ፕሮግራም ሲሊንደር መቁጠር የሚችለው እስከ 1,024 ነው፤ የዲስኩ ደንብ ደግሞ ሄዱን ከ16 አያሳልፍም፤ እያንዳንዱ ትራክ ላይ ሴክተሩ 63፣ እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት። ሁለቱ የሚግባቡት አነስ አነስ ባለው ቁጥር ስለሆነ፣ ሲባዛ 504 ሜጋባይት ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው ዲስኩ ላይ ቢኖርም ማንም አያየውም። ሁላችንም ጭንቅላታችንን ነቀነቅን። እኔ ደግሞ ማስታወሻ ሁሉ ይዣለሁ። ዲስክና ኮምፒውተር እርስ በርስ የሚተያዩት በመካከላቸው ባለው በኩል መሆኑን ያኔ ሰምቼ፣ ከ12 ዓመት በኋላ ጃምፐር ስነቅልና ስሰካ ዋልኩ።

ረቡዕ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጥሩምባ ተነፋ።

የሞቱት ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያሉት እትዬ ናቸው። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ቆሎ እየዘገኑ ያሳደጉ፣ እኔንም ገና ሰፈሩ ስገባ በትልቅ ሳህን ንፍሮ ይዘው የተቀበሉኝ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ ብረት ድስቱ ወጣ። እድራችን ለሐዘንተኛው የሚሰጠውን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ዳኛው ጸሐፊውን መጠየቃቸው ደንብ ነው። ሦስት ወር ያቋረጠ ካለ ውዝፉ ይታሰባልና። ዳኛው ድንኳኑ በር ላይ ቆመው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሒሳባቸው እንዴት ነው?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«ጸሐፊ፣ ሒሳባቸው?»

«ኮምፒውተሩ... ፕሮሰሰሩን ቀይሬው...» አልኩ። ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም። ገንዘብ ያዧ ቀና ብለው አዩኝ። የሟቿ ልጅ ከጎናችን ነበረች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ። ንግግራችንን ሰማችና «እማዬ ውዝፍ አለባት እንዴ?» አለች። እኔ ነኝ ይህን ጥያቄ በእናቷ ቀብር ቀን ያስጠየቅኳት። ካርኒ ልትፈልግ ለቅሶውን ትታ ወደ ውስጥ ልትገባ ስትል ዳኛው ክንዷን ይዘው መለሷት። የካርኒው ጉርድ እኔ ቤት በጆንያ አለ፤ ግን በስም አልተደረደረም፤ የአራት ዓመት ጉርድ ለማገላበጥ ሳምንት ይፈጃል። ዳኛው ትንሽ አሰቡና «እኔ አውቃታለሁ፤ ይከፈል» አሉ። ተከፈለ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተናገረኝም። ቀብር ስንሄድ ግን ከሁሉም ኋላ ነበርኩ፤ ከጎኔ የሄደ ሰው አልነበረም፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ሠልስት አልፎ እዚያው ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። የድንኳኑን ወሬ ሰምቶ ነው፤ እኔ አልጠራሁትም። ሰማያዊውን ብልጭታ አንዴ አየ፤ ያቺን የተነጠለች ሶኬት አየ፤ አጠገቧ ያለችውን ጥቁር ቺፕ በባትሪ አበራባትና ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ የድሮው ጥሩምባ ነፊያችን የሞቱ ጊዜ ትዝ ይልዎታል?»

እንዴት አይለኝ! ሽማግሌው የማንን በር ማንኳኳት እንዳለባቸው፣ የትኛው ቤት በጓሮ እንደሚገባ፣ ማን ጆሮው እንደሚከብድ ሁሉ ያውቁ ነበር። ሲሞቱ ሌላ ሰው ተተካ፤ ጥሩምባው ያው ጥሩምባ፣ ሳንባውም ጤነኛ። ግን በመጀመሪያው ለቅሶ የሰፈሩ ግማሽ አልሰማም። ዳኛውም አሉ፤ ሰፈርተኛውም አለ፤ መካከል ያለው ሰው ቤቱን አያውቅም።

«ይኸውልዎት» አለኝ። ፕሮሰሰር ከሃርድ ዲስክ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም። መካከላቸው ኮንትሮለር አለ። በድሮው ማዘርቦርድ ላይ ኮንትሮለሩ ዋናው የኢንቴል ቺፕ ውስጥ ነበር፤ ዊንዶውሱም እዚያ ሲጫን እሱን ለምዶ ነው ያደገው። ኢንቴል እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ባወጣው ቺፕሴት ላይ ግን ያንን የድሮ መስመር ትቶ ሳታን ብቻ ያዘ። ማዘርቦርድ ሠሪዎቹ የድሮ ዲስክና ሲዲ ማንበቢያ ያለው ሰው እንዳይቸገር ብለው ከሌላ ኩባንያ ትንሽ ቺፕ እየገዙ ጠርዙ ላይ ለጠፉለት። ኤክስፒ የወጣው በዚያው በፈረንጆቹ በ2001 ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣን ቺፕ ከየት ያውቀዋል?

«አርማውስ?» አልኩት። ሦስት ቀን ያሳበደኝ እሱ ነዋ።

እዚህ ላይ ልጁ ድምፁን ዝግ አደረገ፤ ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ዲስኩን የሚያነበው ባዮስ ነው፤ ባዮስ ያንን ቺፕ ያውቀዋል፣ ከማዘርቦርዱ ጋር ነው የተሠራው። ባዮስ የዊንዶውስን መነሻ ፋይሎች አንብቦ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጥለታል፤ አርማው የሚመጣው በዚያ ነው። ከዚያ ዊንዶውስ «በቃህ፣ ከዚህ በኋላ እኔ ነኝ» ይልና ቺፑን በሚያነጋግርለት በራሱ ፕሮግራም፣ በድራይቨር፣ ዲስኩን ሊያነብ ይነሣል። ድራይቨሩ የለውም። ድራይቨሩን ጨምሩልኝ እንዳይል፣ የሚጨመረው ዲስኩ ላይ ነው፤ ዲስኩን ለማንበብ ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል።

«ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል» አልኩት።

«እንደዚያ ነው ጋሼ።»

ሲዲውን አስገብቶ ዊንዶውሱን መጠገን ይቻላል፤ ግን ኤክስፒ በዚያ ሰዓት ኤፍ 6 ተጭነህ ድራይቨር ስጠኝ ሲል የሚቀበለው በፍሎፒ ብቻ ነው። በሲዲ አይልም፣ በፍላሽ አይልም። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፍሎፒ ፍለጋ መውጣት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ፒያሳ ያሉት «ምን?» አሉኝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ ወረድኩ፤ እዚያ የማይገኝ የለም ይባላልና። በርሜል ወደ ምጣድ፣ ጎማ ወደ ጫማ የሚለወጥበትን መዶሻ እያለፍኩ፣ አንድ ሰውዬ የተፈታታ ኮምፒውተር ክምር ሥር ካርቶን ከፍተው አቧራ የጠገቡ አምስት ፍሎፒዎች ሰጡኝ፤ ማንበቢያውንም ከዚያው ክምር ነቅለው ጨመሩልኝ። በፌስታል አንጠልጥዬ እንደ ድል አድራጊ ገባሁ። ልጁ አንድ በአንድ ሞከራቸው። ማንበቢያው እንደ ወፍጮ እየጮኸ አራቱን አልቀበልም አለ። አምስተኛው ድራይቨሩን ተቀበለና ሲነበብ ግማሽ ላይ ተበላሸ።

«የድሮው ማዘርቦርድ ካለ ሁሉም ቀላል ነው» አለኝ ልጁ። «ዲስኩን እዚያ እናስነሣውና የአዲሱን ድራይቨር ቀድመን እናስተዋውቀዋለን። የት ነው ያለው?»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የት እንዳለ ነገርኩት።

በማግስቱ ሱቁ ስደርስ ማዘርቦርዴ መደርደሪያው ላይ ዋጋ ተለጥፎበት አለ። የራስ ዕቃ ላይ የሰው ዋጋ ተለጥፎ ማየት ሆድ ያስብሳል። የሱቁን ልጅ ለብቻው ጠርቼ እድሩን፣ ለቅሶውን፣ ድንኳኑ በር ላይ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሌላ ደንበኛ ይሰማ ነበር፤ ይስማ። «ለአንድ ሌሊት ብቻ» አልኩት። መታወቂያዬን አስያዝኩና ማዘርቦርዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ያን ዕለት ፈረቃው የእኛ ነበር። ወጣቱ ማዘርቦርዱን ካርቶን ላይ ዘርግቶ፣ ሃርድ ዲስኩን ሰክቶ፣ የማስነሻውን ሁለት ፒን በካቻቪቴ ጫፍ አገናኝቶ አስነሣው። አርማ። መስመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ያ የኤክስፒ አረንጓዴ ኮረብታ ከነሰማዩ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል፤ ምንም እንዳልሆነ፣ ማንም እንዳልተሰቃየ።

ልጁ መጀመሪያ ያደረገው የእድሩን ፋይል ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው። ስንት ፈጀ? አንድ ደቂቃ አይሞላም። አራት ዓመት ሙሉ ያላደረግኳትን አንድ ደቂቃ ቁጭ ብዬ አየኋት። ከዚያ ከአዲሱ ማዘርቦርድ ጋር በመጣው ሲዲ ላይ የዚያችን ጥቁር ቺፕ ድራይቨር ፈልጎ ዊንዶውሱ ውስጥ ቀዳው፤ ሬጅስትሪው ላይም ይህ ኮንትሮለር ሲመጣ ይህን ድራይቨር አንሣ ብሎ ጻፈበት። «በሉ አሁን ወደ አዲሱ እናዛውረው» ብሎ ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዝኩት።

«አንዴ ዝርዝሩን ክፈተው።»

እንደ ልማዱ እየተንኳኳ ቆይቶ ከፈተው። ወደ ታች ወረድኩ፤ 62ኛው ተራ ላይ የእትዬ ስም በራሴ እጅ ተለቅሟል። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያልኩ በጣቴ ስክሪኑን እየነካሁ ወደ ቀኝ ሄድኩ። ግንቦት ተከፍሏል። ሰኔ ተከፍሏል። ሐምሌም፣ ነሐሴም። ማስታወሻው ላይ «ወደ ልጃቸው አገር ስለሚሄዱ አስቀድመው ከፈሉ» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ልጁ ዲስኩን አዛወረው፤ አዲሱም ላይ ያለ ሰማያዊ ብልጭታ ተነሣ። እኔ ግን ያን ያህል አላየሁትም።

ጠዋት ማዘርቦርዱን መልሼ መታወቂያዬን ተቀበልኩና በቀጥታ ዳኛው ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ፣ ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ «እስከ ነሐሴ ከፍለው ነበር» አልኳቸው።

«ሂድ ለልጅቷ ንገራት» አሉኝ።

የወፍጮ ቤቱን ዳገት ወጣሁ። ደጃፉ ላይ አጎንብሳ ስትጠርግ አገኘኋት፤ ስታየኝ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀና አለች።